አብቦ ፍሬ የማይሰጥ እንዶድ

እህቴ፣ «ከዘር ያበቀልኩት እንዶድ ሦስት ዓመት ሞላው፤ ያብባል፣ ፍሬ ግን አንድም አላየሁበትም፤ ልቁረጠው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አይቁረጡት። አልታመመም፣ አፈሩም አልጠላውም፤ ወንዴ ነው።

እንዶድ እንደ ፓፓያ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ። ከዘር ሲነሣ የትኛው እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም። እኔም ይህን ሳላውቅ አራት ዓመት ፍግ ስከምርበት ኖሬያለሁ። በመጨረሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋቢ በእንዶድ ያጠቡ ጎረቤቴ አጥሩ ሥር ቆመው አንድ የአበባ ዘለላ ቀነጠሱና መዳፋቸው ላይ አሹት። «ልጄ፣ ይህ እኮ ወንዴ ነው፤ ውሃህን አትጨርስ» አሉኝ። ተናድጄ ልነቅለው ስል የከለከሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ሴቴዋ ያለ ወንዴ ዱቄት ፍሬ አትይዝም።

እርስዎም ዘለላውን ወደ ዓይንዎ አቅርበው ይመልከቱት። የሴቴዋ አበባ መካከል ላይ በአራት ወይም በአምስት ጎን የተከፋፈለች፣ ትንሽ ዱባ የምትመስል አረንጓዴ ጉብታ አለች፤ ፍሬ የምትሆነው እሷ ናት። የወንዴው አበባ ግን ረዘም ረዘም ያሉ ክሮች ብቻ ይታዩበታል።

አሁን የሚያስፈልግዎት ፍሬ ከሚሰጥ ተክል የተወሰደ ቁራጭ ነው፤ በዘር አይድከሙ። እኔ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያልለመለመ ያልደረቀም ግንድ በአንድ ስንዝር ከግማሽ እቆርጣለሁ። ሁለት ዓይኖች (ቅጠል የሚወጣባቸው እብጠቶች) አፈር ውስጥ እንዲገቡ አድርጌ በፕላስቲክ ከረጢት ጥላ ሥር አቆየዋለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ቦታው አዛውረዋለሁ። ውሃ የሚቋጥር መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ዘንጉም መደገፊያ ይፈልጋልና አጥር ጥግ ይትከሉት፤ እዚያ በራሱ ይንጠላጠላል። በልጅነቱ ግንዱን የሚቦረቡር ትል ይገባበታል፤ የጠወለገ ቅርንጫፍ ካዩ ከሥር ቆርጠው ያቃጥሉት።

ፍሬው ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል። ደርቆ ሲወቀጥ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ብናኙ እንባ እስኪያወጣ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ በስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ ያልተጠለለ እንደሆነ ገለባው ነጠላው ላይ ይጣበቅና ለቅሞ መጨረሻ የለውም። አረፋው የሳሙና ያህል ይነሣል። ለነጭ ጥጥ ከዱቄት ሳሙና የምመርጠው እሱን ነው፤ ጋቢው ልስላሴውን አያጣም።

እጣቢውን ግን ወንዝ ውስጥ አይድፉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ ሰዎች በእንዶድ (ትግርኛው ሽብቲ ይለዋል) ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ትል የሚራባው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ በመሆኑ ነገሩ ወደ ትልቅ ምርምር አመራ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ውሃ ዓሣም ይገድላል። እኔ የምደፋው ከጅረትና ከጉድጓድ የራቀ ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ከጥያቄዎ በታች አንድ ሰው ሥሩ ለእብድ ውሻ ንክሻ እንደሚጠጣ ጽፏል። አባቶች ይጠጡት እንደነበር እኔም ሰምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ እንዶድ መርዝ ነው፣ ለውርጃ ብለው የጠጡትንም ጎድቷል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቁራጭ የሚሰጥዎት ካጡ አሮጌ አጥሮችንና የወንዝ ዳርቻዎችን ይቃኙ። ፍሬው ተንጠልጥሎ ሳለ ሴቴዋን በቀይ ክር ምልክት ያድርጉባት፤ ቁራጭ ሊወስዱ ሲመለሱ ፍሬው ረግፎ ከወንዴው መለየት ያቅትዎታል።