መልስ፦ «ከፋፍለህ ላክ» ማለት አልቀበልም ማለት ነው?

አብሽር ወንድሜ፣ ውድቅ አልተደረገብህም። የመስኮቶችን ምስል ስክሪን ላይ ለሚያወጣው ሰርቨር ለዌስተን የላክኸውን የኮድ ማስተካከያ ገምጋሚው «ከፋፍለህ ላክ» ያለህ አንብቦት ነው፤ የማይፈልገውን ሥራ ቁጭ ብሎ የሚያርም የለም።

እንደ ገለጽኸው ማስተካከያው ሦስት ነገር ይዟል፦ ምስሉ እንዲጎላ በተደረገ ስክሪን ላይ የመዳፊት ጠቋሚው ያለ ቦታው መታየቱን ማረም፣ የተለዋዋጮችን ስም መቀየርና የመስመሮችን ክፍተት ማስተካከል። ገምጋሚው እውነት አለው። ነገ ሌላ ችግር ቢከሰት የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት፣ «ባይሴክት» በሚባለው ትእዛዝ ኮሚቶቹን (የተመዘገቡትን ለውጦች) ለሁለት እየከፈሉ አጥፊውን ይፈልጋሉ፤ ፍለጋው የሚቀናው እያንዳንዱ ኮሚት ለብቻው የሚሠራና አንድ ጉዳይ ብቻ የሚነካ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኮሚቶችን መልሶ በሚያስተካክለው የጊት ትእዛዝ በ«ሪቤዝ» እንደገና ደርድረው። «የአስተያየት እርማት» የሚል ኮሚት ከላይ አትደርብ፤ እርማቱ ስህተቱ ባለበት ኮሚት ውስጥ ይግባ። በመልእክቱ ለምን እንደ ቀየርህ ጻፍ፤ ምን እንደ ቀየርህማ ከኮዱ ይታያል።

«ስክሪኑ በመሐል ቢነቀልስ?» የሚለውን የገምጋሚውን ጥያቄ ነገር ፍለጋ አድርገህ መውሰድህ ግን አልተዋጠልኝም። የባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ገዢ እንኳ ጥርሱን ሳያይ አይከፍልም። ስክሪኑ ሲነቀል የያዘው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታ ይለቀቃል፤ ያንተ ኮድ የድሮውን አድራሻ ይዞ ከቀጠለ ሰርቨሩ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ የተከፈተው መስኮት ሁሉ አብሮት ይሄዳል፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍም ጭምር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ብቅ ካልህ ትርፍ ስክሪን አለኝ፤ እየነቀልን እንሞክረዋለን።