የሰፈር ቤይብሌድ ውድድር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ለማያውቁት፦ ቤይብሌድ የጃፓኑ ታካራ (የዛሬው ታካራ ቶሚ) እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የሚሾር መጫወቻ ነው። ሁለት ሰው ስታዲየም በሚባለው ሳህን ውስጥ እያሾረ ይለቅና ይጋጠማል። እኔ የማወራው እ.ኤ.አ. በ2023 ስለወጣው ቤይብሌድ ኤክስ ነው።

ጥያቄ፦ ነጥብ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ልጆቹ ሁልጊዜ ይጣላሉ።

መልስ፦ የተጋጣሚህ ቀድሞ ከቆመ 1 ነጥብ ታገኛለህ። ወደ ጎን ኪስ ከገባ 2፣ ተፈታቶ ከተበተነም 2። በሁለቱ የጎን ኪሶች መሃል ያለው ኪስ ውስጥ ከገባ 3። ቀድሞ 4 የሞላ ያሸንፋል።

ጠቡ ግን የሚነሳው በዚች በ1 ነጥብ ነው። ሁለቱም ደክመው ሲንገዳገዱ፣ አንዱ ጎኑ ላይ ተኝቶ ገና እየዞረ፣ ግማሹ ልጅ «ቆመ!» ይላል፣ ግማሹ «አልቆመም!»። ስለዚህ ዳኛው ይንበርከክ። ቆሞ ከላይ የሚያይ ዳኛ ይሳሳታል። የተኛውም ቢሆን እስከዞረ ድረስ አልቆመም። እኩል ከቆሙ ፉርሽ ነው፣ ይደገማል። የወላጅ ስልክ ቪዲዮ በበኩሌ አልቀበልም፤ ሁሉም የየልጁን ይዞ ይመጣላ!

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ስንት ይዞ ይምጣ?

መልስ፦ የተለመደው ሦስት ነው፤ በሦስቱ መካከል አንድ ዓይነት ክፍል መደገም የለበትም። ማንን አስቀድሞ እንደሚያሰልፍ ተጋጣሚው ሳያይ ይወስናል። ሦስቱም ወጥተው 4 ነጥብ ካልሞላ ሰልፉን ቀይረው ይቀጥላሉ። ሦስት የሌላቸው ልጆች ከበዙ ግን በአንድ አንድ አጫውቱ። መጫወቻ አነሰው ብሎ ልጅ መመለስ ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ 16 ልጆች አሉን፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው አዳራሹን ያገኘነው። ይበቃል?

መልስ፦ ሁሉም ከሁሉም ይጋጠም ካላችሁ 120 ግጥሚያ ነው፤ አታስቡት። ጥሎ ማለፍ ብቻ ካደረጋችሁ ደግሞ 15 ነው፣ ግን ግማሾቹ አንዴ ተጫውተው ቁጭ ይላሉ። አራት አራት አድርጋችሁ በዕጣ መድቧቸው። ምድቡ 24 ግጥሚያ ይሆናል፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት አልፈው በጥሎ ማለፍ 7፤ በድምሩ 31። አንዱን በ5 ደቂቃ ብታስቡት በአንድ ስታዲየም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ሁለት ስታዲየም ካገኛችሁ ተገላገላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ያለው የድሮው በርስት (ከኤክስ በፊት የነበረው የቤይብሌድ ዓይነት) ነው። መግባት ይችላል?

መልስ፦ ከኤክስ ጋር አይሆንም እህቴ፣ ክፍሎቹም አይገጥሙም። እንደሱ ያላቸው አራት ልጆች ካሉ ለብቻቸው አንድ ምድብ ይያዝላቸው።

ጥያቄ፦ ፌክ የሆነውንስ?

መልስ፦ ለጨዋታ ያህል ችግር የለውም፣ ለዋንጫ ግን ባይገባ እመርጣለሁ። ጠርዙ የተሰበረ ወይም የሾለ ከሆነ ግን ኦሪጅናልም ቢሆን አላስገባም። የኤክስ ብረት ከሳህኑ ተፈናጥሮ ሲወጣ ቀልድ አይደለም። የሳህኑን መከለያ አታንሱ፣ ፊቱን ወደ ሳህኑ ያስጠጋ ልጅ ካለ ቆጠራ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሽልማት ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለአንደኛው አዲስ ቤይብሌድ፣ ለሌሎቹ ከረሜላ። ገንዘብ አታስገቡ፤ ወላጆች መጨቃጨቅ ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ ቆጠራው ሳያልቅ የሚለቅ ልጅስ?

መልስ፦ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ጎ ሹት!» ሳይባል የለቀቀ መጀመሪያ ይነገረዋል፣ ሁለተኛ ከደገመ ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ስጡ። ይህን ግን ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ንገሯቸው፤ መሃል ላይ ያወጣችሁት ሕግ ለቅሶ ያመጣል።