ተገጣጥሞ የመጣ ክሮለር ወይስ ኪት? ለአውሮራው ወንድማችን መልስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ከ12 ዓመቷ ልጅህ ጋር እዚያው ኮሎራዶ፣ ድንጋይ ላይ የምትነዱት ባለ ሪሞት ክሮለር፣ ማለትም ድንጋይ የሚወጣ ትንሽ መኪና ፈልገሃል። ተገጣጥሞ የመጣውን ልግዛ ወይስ ኪቱን፣ ማለትም ተበታትኖ በሳጥን የሚሸጠውን ገዝተን አብረን እንገጣጥም ነው ያልከው። አዲስ አበባ ላለው የወንድምህ ልጅም አንድ ልትወስድለት አስበሃል። እኔ ሁለቱንም ዓይነት ስነዳና ስፈታ ስለኖርኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ለእናንተ ተገጣጥሞ የመጣውን ግዛ። ግን ከሳጥን አውጥተህ በቀጥታ ድንጋይ ላይ አታውጣው። ኪት የሚገዛ ሰው ከሚሠራው ሥራ ጥቂቱን አንተም መሥራት አለብህ። ክሮለር ለፍጥነት የተሠራ መኪና አይደለም። ቀስ ብሎ፣ በጉልበት፣ እየተንጠለጠለ ነው የሚወጣው። የላላ ብሎንና ደረቅ ማርሽ ቶሎ ይለይበታል። ስለዚህ ዛሬም ባይሆን ነገ መፍታትህ አይቀርም።

ኪት ይረክሳል የሚሉህን አትስማ። በብዙዎቹ ኪቶች ውስጥ ሞተር የለም፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ የለም፣ መሪውን የሚያዞረው ሴርቮ የለም፣ ሪሞቱና መኪናው ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨርም የሉም። ቦዲውም ብዙ ጊዜ ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ቆርጠህ ከውስጥ በኩል ትቀባዋለህ። ይህን ሁሉ ስትጨምር ከኪቱ ዋጋ ላይ የሚታከለው ወጪ በቀላሉ 200 ዶላር ያልፋል። አንዳንዱ ኪት ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱን ይዞ ይመጣል። ሳጥኑ ላይ “አልተካተተም” የሚለውን ዝርዝር ሳታነብ ዋጋ አታወዳድር። ተገጣጥሞ የመጣውም ቢሆን ሁሌ ሙሉ አይደለም። የትራክሳስ ኩባንያ ክሮለር ቲአርኤክስ-4 ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጠው።

ኪት ግን የሚያስወድደው ነገር አለው፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። አሞርዛተር ስትሞላ ታየዋለህ። ዘይቱን ትጨምራለህ፣ ፒስተኑን ቀስ ብለህ ወደ ላይና ወደ ታች ታደርጋለህ፣ ትንንሽ የአየር አረፋዎች እየተግተለተሉ ይወጣሉ። አረፋው እስኪያልቅ አቁመህ ትጠብቃለህ። ቸኩለህ ከዘጋኸው አየሩ ውስጥ ይቀርና አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት አይሠሩም። አክስሉን ስትገጥም ደግሞ ፒኞኑና ኮሮናው የሚባሉት ሁለት ማርሾች እንዴት እንደሚነካኩ በእጅህ ታውቀዋለህ። አዙረህ ስታየው ቢከብድ ወይም ቢንጓጓ የቱ ጋ እንደሆነ ይገባሃል። በኋላ ሜዳ ላይ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ሲመጣ ኪት የገጠመ ሰው ድምፁ ከየት እንደሆነ ይለያል። ይህ እውቀት በገንዘብ አይገዛም።

ታዲያ ለምን ኪት አላልኩህም? በልጅህ ምክንያት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ለመንዳት ነው የምትጓጓው። ኪት ብዙ ምሽት ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ አሰልቺው ክፍል ነው፦ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ጥቃቅን ብሎን። መኪናውን ሳታየው ልቧ ሊሸሽ ይችላል። አንዴ ከነዳችውና አንድ ነገር ከሰበረች በኋላ ግን ራሷ ካቻቪቴውን ትጠይቅሃለች። ሁለተኛውን መኪና ያን ጊዜ ኪት አድርጉት።

ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ። የመረጥከው ሞዴል መለዋወጫ በቅርብ የሚገኝ ይሁን። የአክሲያል ኩባንያ ክሮለር ኤስሲኤክስ10 3 ለምሳሌ በ2020 ከወጣ ጀምሮ በኪትም ተገጣጥሞም ተሸጧል። የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል፤ እየነዳህ ቀስ በቀስ የኪት ያህል ታደርገዋለህ። እኔ ከምርት ስሙ ይልቅ ይህን ነው የማየው።

እንግዲህ ሲደርስህ ምሽቱን ከልጅህ ጋር ጠረጴዛ ላይ አውጡት። የጎማዎቹን ዳዶዎች ፈትሹ። ብረት ከብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርጉ፤ ፕላስቲክ ግን አይንካ፣ ሊሰነጥቀው ይችላል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባን ብሎን ፈታችሁ ስትመልሱ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩት። ጠቅ ብሎ በድሮው ጥርሱ ላይ ሲያርፍ ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቀኝ የሚጠብቀው። ዝም ብላችሁ ካጠበቃችሁት አዲስ ጥርስ ይበላል፤ ከጥቂት መፍታት በኋላ ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ አይዝም።

መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙራችሁ ስሙት። ጎማው ቆሞም ሴርቮው እያጉረመረመ ከሆነ ከአቅሙ በላይ እየገፋ ነው። ሪሞታችሁ ማስተካከያ ካለው የመዞሪያውን ገደብ ቀንሱ። እናንተ አካባቢ ላለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ደረቅ የአሸዋ ድንጋይ ጎማ ይይዛል። እኔ ያለሁበት ቨርጂኒያ ድንጋዩ እርጥብና ሽበት (ሞስ) ያለበት ስለሆነ ጎማው ይንሸራተትና ጫናው ይቀንሳል። እናንተ ጋ አይንሸራተትም፤ ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ተይዞ ሳለ መሪ ስታዞር ጫናው ሁሉ ሴርቮው ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትቀይረው ዕቃ ሴርቮው ይሆናል፤ የብረት ማርሽ ያለውን ፈልግ። ለሞተር ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩል።

ባትሪው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ከሆነ ኢኤስሲው ሊፖ ላይ መስተካከሉን እይ። አለዚያ ቮልቴጁ ሲወርድ አይቆርጥም፣ ባትሪው ይሞታል። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጠው በአንድ ሴል (ባትሪው ውስጥ ባለ አንድ ክፍል) 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን። ቻርጅ ላይ አድርገህ ከቤት አትውጣ።

ለአዲስ አበባው ልጅ ግን ኪትም ትልቁም አይሆንም ባይ ነኝ። መለዋወጫ እዚያ ማግኘት ከባድ ነው፤ የሰበረው ዕለት መኪናው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ኤስሲኤክስ24 የሚባለውን የአክሲያልን ትንሹን ክሮለር ውሰድለት። ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ያነሰ ነው፣ ባትሪም ቻርጀርም ይዞ ይመጣል። ቻርጀሩ ዩኤስቢ ስለሆነ በስልክ ቻርጀር ይሠራል፤ የ220 ቮልት ጣጣ የለውም። ለመውጫ ጓሮ ያለ የድንጋይ ክምርና ቤት ውስጥ የተደረደረ ጥቂት መጽሐፍ ይበቃዋል። ትርፍ ባትሪ ካስከተልክ በእጅ ሻንጣህ ያዘው፤ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ትልቁን ልውሰድ ካልክም የ7.4 ቮልት 5000 ሚሊአምፔር ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ነው፣ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ ከሚያልፈው 100 ዋት ሰዓት በታች ነው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናቸው። ቻርጀሩ ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይተህ ግዛ።

ምን ያህል በጀት እንደያዝክ ከጻፍክልኝ ሞዴል በስም እመርጥልሃለሁ።