ሕንፃው ተጎድቷል ወይስ ግድግዳ ፈርሷል?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ጥር ላይ ባለሙያ ጣሪያው ላይ አክስለሮሜትር (የንዝረት መለኪያ) አስቀምጦ የሕንፃው የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲ (በራሱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) 1.50 ኸርዝ ነው አለን። አጠገባችን የመሠረት ቁፋሮ ከተጀመረ ወዲህ፣ ነሐሴ ላይ ሲለካ 1.45 ወጣ። «ሕንፃው ተጎድቷል» ተባልን። ተከራይ እናስወጣ?

የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ካዛንቺስ

መልስ፦ በሁለት ቁጥር ብቻ ተከራይ አይወጣም፤ ቁጥሩን ግን አይናቁት። የሕንፃው ክብደት ካልተለወጠ ግትርነቱ (መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም) ከፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 6.5 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። ይህን ያህል ለውጥ ግን ያለ ጉዳትም ይመጣል። ምድር ላይ ያለ ተከራይ ሱቁን ለማስፋት የብሎኬት ግድግዳ አፍርሶ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁ፤ «አይሸከምም» የሚባለው ግድግዳ ሕንፃውን በደንብ ያጠነክረዋል። ክረምቱም ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር አርሶታል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንዴ የሚሞላ አንዴ የሚጎድል 10,000 ሊትር ሮቶ 10 ቶን ይመዝናል፤ እሱ ግን በእንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ ብዙውን ጊዜ ፍሪኩዌንሲውን ከ1 በመቶ በላይ አያወርድም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜድ24 የተባለው ድልድይ ከመፍረሱ በፊት ወራት ሙሉ ሲለካ፣ ምንም ሳይነካ አስፋልቱ በብርድ በመጠጠሩ ብቻ ፍሪኩዌንሲው ይጨምር ነበር።

ስለዚህ ተከታታይ ልኬት ያስፈልጋል። የላይኛው ፎቅ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ (ጥምዘዛው እንዲለይ) እና ምድር ላይ አንድ አንድ አክስለሮሜትር ይተከል፤ በሴኮንድ 100 ናሙና፣ በየሰዓቱ 20 ደቂቃ ይቀዳ። ስልክ አይሆንም፤ በነፋስና በመኪና የሚመጣው ንዝረት ከስልኩ ሴንሰር የራሱ መዋዠቅ አይለይም። ሙቀቱና የሮቶው ውሃ መጠን አብረው ይመዝገቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእነሱ ተጽዕኖ በሪግሬሽን (አንዱ ሲለወጥ ሌላው ምን ያህል እንደሚለወጥ በሚያሰላ የስታቲስቲክስ ዘዴ) ተሰልቶ ይቀነስና ቀሪው ይመርመር። ቀሪው ከአማካዩ በ3 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የተለመደው የመዋዠቅ መጠን) ሲርቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙዎች የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው፦ በወር 720 ልኬት ስላለ ሕንፃው ደህና ሆኖም 2 ያህል የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይጠበቃል። አሳሳቢው አንድ ነጥብ ሳይሆን ከወሰኑ በታች ወርዶ እዚያው የሚቆይ ተከታታይ ነጥብ ነው።

አሁን የሚጀመር ልኬት ግን ከዛሬ ወዲህ ያለውን ለውጥ እንጂ ያለፈውን አይነግርም። የአንድ ኮለን ስንጥቅም የሕንፃውን ፍሪኩዌንሲ ላይነካ ይችላል። ኮለን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ ቁጥር ሳይጠብቁ ሰዉን ያስወጡ። ካልታየ በግድግዳ ስንጥቆች ላይ ስንጥቁ ቢሰፋ እንዲታወቅ ቀን የተጻፈበት ጀሶ ይለጥፉ፤ በቁፋሮው በኩል ያሉት ኮለኖች መስመጥ አለመስመጣቸው በየሳምንቱ በሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ይለካ፤ የጉድጓዱ ጥልቀትም በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።