መልስ፦ ከአያትዎ ስለወረሱት ተጣጣፊ ካሜራ

ጤና ይስጥልኝ። ከአያትዎ የወረሱት ተጣጣፊ ካሜራ ዛሬም ፎቶ ያነሳ እንደሆነ፣ ከጀርባው ያለችው ቀይ መስኮትም ምን እንደምትሠራ ጠይቀዋል። በላኩት ምስል እንደማየው ካሜራዎ የሚጎርሰው በ1901 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን 120 ቁጥር ፊልም ነው፤ ይህ ፊልም ዛሬም ስለሚመረት ተስፋ አይቁረጡ።

ከሁሉ አስቀድመው ወናፉን ይመርምሩ። ሌንሱን ከካሜራው አካል ጋር የሚያገናኘው ይህ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ክፍል ካሜራውን ኪስ የሚያስገባው ብልሃት ቢሆንም፣ ቀድሞ የሚያረጀውም እሱ ነው። ማታ መብራት አጥፍተው (ባሕር ዳር ላይ መብራቱ ራሱ አንዳንዴ ይህን ያቀልልዎታል) የእጅ ባትሪ ከኋላ ወደ ውስጥ ያብሩና በእጥፋቶቹ ማዕዘን ላይ እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነጥብ መኖሩን ይመልከቱ። በእኔው ካሜራ ላይ ሦስት ቀዳዳ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

ቀይዋ መስኮት በፊልሙ የጀርባ ወረቀት ላይ የታተመውን ቁጥር ታሳያለች። የድሮው ፊልም ቀይ ብርሃን እምብዛም አይነካውም ነበር፤ የአሁኑን ግን ስለሚያበላሸው፣ በተለይ በጣና ዳር የቀትር ፀሐይ፣ ቁጥሩን እንዳዩ ይሸፍኗት። የፎቶው መጠን 6 በ9 ሳንቲሜትር ከሆነ 8፣ 6 በ6 ከሆነ 12 ፎቶ ያገኛሉ።

ፊልሙንም ካሜራውን ቀስ ብለው ከከፈቱ በኋላ እንጂ አስቀድመው አያጠንጥኑት፤ ወናፉ ድንገት ሲዘረጋ አየር ስቦ ፊልሙን ያጎብጠዋልና፣ የደንገል ታንኳ ቀዛፊውን ርቀት በትክክል ቢገምቱም እንኳ ፊቱ ደብዝዞ ሊወጣ ይችላል።