«ዘፋኙ ቅዳሜ ይመጣል»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የደረሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነበሉ ናቸው። ስመ ጥር ሰዎች በጦርነት የተጎዱና የተፈናቀሉ ሕጻናትን ሊረዱ ይመጣሉ፤ እኛስ እንዴት እንቀበላቸው? ረጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስድብ ያለባቸውን አጥቤያለሁ።

አንድ የፒያሳ ወጣት የሆሊውዷ ተዋናይት ኦድሪ ሄፕበርን የጎበኘችው ደሴን ነው ብሎ ተወራርዷል። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ከዩኒሴፍ ጋር መጥታ የጎበኘችው የሕጻናት ማሳደጊያ መቀሌ ነው። ውርርዱን ክፈል።

«የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ደመወዙ ስንት ነው? ሐበሻስ አይሾምም?» ስሙ እንደሚለው በፈቃድ ነው፤ ደመወዝ የለውም። ዩኒሴፍ ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በኮሜዲያኑ ዳኒ ኬይ ነው። ከእኛ ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእናቶችና ለሕጻናት ጤና የዓለም ጤና ድርጅት አምባሳደር ሆናለች። ሹመት ሳይጠብቁ የጀመሩም አሉ፤ ክብርት አበበች ጎበና ለግሸን ማርያም መጥተው በረሃብ የተጎዱ ልጆች ይዘው ሲመለሱ ካሜራ የተከተላቸው አልነበረም።

ከአንድ የተፈናቃዮች መጠለያ ኮሚቴ ውስጥ ያሉ እናት የጻፉት ግን በሁለት መስመር የሚታለፍ አይደለም። ዘፋኙ ቅዳሜ ይመጣል፤ አስተባባሪዎቹ «ከሳ ከሳ ያሉ፣ ፊታቸው የሚያሳዝን» ሃያ ልጆች እንዲመርጡ ነግረዋቸዋል። እምቢ ካሉ ዱቄቱና ዘይቱ እንዳይቀር ይሰጋሉ።

እትዬ፣ አይምረጡ። መክሳት የመግቢያ ካርድ ከሆነ የዳነ ልጅ ያላት እናት ተቀጣች ማለት ነው። የተመረጠውም ልጅ መጠለያው ውስጥ «የቪዲዮው ልጅ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ዘፋኙ ከሄደ በኋላ ስሙ አብሮት ይኖራል። ለአስተባባሪዎቹ የሚሉት ይህን ነው፦ እርዳታው ዓርብ ይታደል፣ ቀረጻው ቅዳሜ ይሁን። ዱቄቱ ፊት ለፊት ተከምሮ «ትስማሚያለሽ?» የተባለች እናት ምን ትመልሳለች? ፈቃድ የሚጠየቀው ከአንድ ቀን በፊት ነው፤ ወላጅም ልጁም ይጠየቃሉ። ቪዲዮው የት እንደሚወጣና ከወጣ በኋላ እንደማይመለስ ይነገራቸዋል። «አይሆንም» ያለም ድርሻው አይነካም።

ወላጅ ቢፈቅድም ፊታቸው የማይታይ ልጆች አሉ። ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው፣ ከታጣቂዎች ጋር የቆዩ፣ ከቤተሰባቸው ተነጥለው ብቻቸውን ያሉ። ብቻቸውን ያሉትን ልጆች ጉዳይ ሰዎች ለደግ ብለው ነው የሚያበላሹት፤ «ወላጆቹን የምታውቁ» ብለው ፎቶውን ከነስሙ ይለጥፉታል። ከዚያ በኋላ አጎት ነኝ ባይ ይበዛል፤ ልጁን ለጉልበት ሥራ የሚፈልገውም አጎት ነኝ ነው የሚለው። ፍለጋው የሚሄደው በሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና በቀይ መስቀል በኩል ነው። እነርሱ የልጁንና የጠያቂውን ቃል ለየብቻ ወስደው ያስተያያሉ፤ ስምና ፎቶ በአደባባይ ከተዘራ ግን ማንም አጥንቶ ስለሚመጣ ማመሳከሪያ አይቀራቸውም። በዚህ ጉዳይ እኔንም ሆነ ሌላ ጸሐፊ አይጠይቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ቢሮው ይሂዱ።

ለቀሩት ልጆች ደግሞ ስም፣ ፊትና ቦታ ሦስቱ አብረው አይውጡ። የስልኩ ሎኬሽን ይጥፋ፤ ከኋላ ያለው የመጠለያው ታፔላና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይታይ። ቀጥታ ስርጭት ጨርሶ አይፈቀድ፤ ያመለጠው ተቆርጦ አይወጣምና። ካሜራው በልጁ ዓይን ልክ ዝቅ ይበል፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ልጅ ሁሉ ለማኝ ይመስላል። አጃቢው ከአምስት ሰው አይብለጥ።

ለዘፋኙ ሥራ ይጠፋል ብለው አይጨነቁ። ወደ ቦኖው ይውሰዱትና ሰልፉን አብሯችሁ ይቁም። በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት የሚል የታወቀ መለኪያ አለ። የእናንተን ቆጥራችሁ በወረቀት ስጡት፤ ማይክ ሲይዝ ባለሥልጣናቱ ፊት ያንብበው። የዝነኛ ሰው ሀብቱ ጉሮሮው ነው። ልጅ አቅፎ ከመነሣት ይልቅ ያን ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር የእርሱ ሙያ ነው፤ የኮሚቴ ሰው ቢናገረው ማን ይሰማዋል?

«እግር ኳስ ተጫዋች መቶ ኳስ ሊያመጣ ነው፤ ይጠቅማል?» ይጠቅማል። መንፊያና መርፌውን ካላመጣ ግን በወሩ መቶ የተነፈሰ ቆዳ ነው።

የሸዋ በር ልጆች አንድ ታዋቂ ቲክቶከር በሰበሰበው ገንዘብ ሠላሳ ካርቶን የቆርቆሮ ወተት ገዝተው ለአራስ እናቶች ሊያድሉ ነው። ልጆች፣ ልባችሁ ጥሩ ነው፤ ካርቶኑን ግን አትክፈቱ። የዱቄት ወተት የተፈላ ውሃ፣ ማገዶና በየጊዜው የሚቀቀል ዕቃ ይፈልጋል፤ መጠለያ ውስጥ ሦስቱም ብርቅ ናቸው። ሕጻኑ ጡጦ ሲለምድ ጡት መሳቡ ይቀንሳል፤ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ወተቱን ይቀንሳል። ቆርቆሮው ሲያልቅ እናትየው እንዲበረክት ብላ ታቀጥነዋለች፤ ከዚያ ተቅማጥ ነው። «ወተቴ ደረቀ» የምትል እናት በአብዛኛው የደከመችና የተራበች ናት። ሕጻኑ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሲጠባና እርሷ ስትበላ፣ ስትጠጣ ይመለሳል። እናቱ የሞተችበት ሕጻን ካለ የጤና ባለሙያ ለእርሱ ለብቻው ያዝለታል፤ በጡጦ ሳይሆን በስኒ። ነጋዴው ይመልስላችሁና ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግዙ። አልመልስም ካለ ለጤና ጣቢያው በደረሰኝ አስረክቡ።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ታዋቂ ሯጭ በመድረክ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ፕላምፒነት እንዲሰጥ ታስቧል። ይህ ብስኩት አይደለም፤ በምግብ እጥረት በጣም ለተጎዳ ልጅ የሚሰጥ፣ ከለውዝ የተሠራ መድኃኒት ነው። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ናት፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ትይዛለች። ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝን በጣም የተጎዳ ልጅ በቀን ሦስት ያህል፣ ለሳምንታት፣ በየሳምንቱ እየተመዘነ ይበላል። ለጤነኛው የምትሰጠው አንዷ ከዚያ ልጅ አፍ የወጣች ናት። ሯጩ በምትኩ የልጅን ጉዳት በቀለም የሚያሳየውን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ለእናቶች ያሳይ። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ፣ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሎ። ቀይ ማለት ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ቢጫው እስከ 12.5 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መለኪያውን አጥብቆ በመሳብ ነው፤ ያኔ ጤነኛው ሁሉ ቀይ ይወጣል። ሁለቱም እግሩ ያበጠ ልጅ ግን መለኪያው ምንም ቢል ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

አንድ አዛውንት በቁጣ ጽፈዋል፦ በሰባ ሰባት ፈረንጅ ዘፍኖ ያመጣው ገንዘብ እኛን ለሠፈራ ከማስጫን በቀር ምን አደረገ?

አባቴ፣ ቁጣዎ መሠረት አለው፤ ሙሉው ግን እንዲህ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ በቢቢሲ ያቀረበው፣ ሞሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ ከኮረም ነበር፤ ኮረም ያኔ መናገሻው ደሴ በሆነው በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። የብሪታንያ ዘፋኞች የእርዳታ ዘፈን ባንድ ኤይድ፣ ኋላም ሐምሌ 6 የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የመጡት እርሱን ተከትለው ነው። በገንዘቡ እህል፣ መድኃኒትና የጭነት መኪና ተገዛ፤ ሰው ተርፏል። በዚያው ወቅት መንግሥት የወሎን ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይጭን ነበር፤ እህል ፍለጋ የተሰበሰበ ሕዝብ ለመጫንም ይመቻል። ይህን በአደባባይ የተናገረው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ዘፋኞቹ ገንዘቡን አመጡ፤ መኪናውን የሚነዳውን አልመረጡም። «የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ዋለ» የሚለውን ግን ይተዉት፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ የሚያስመስል ዘገባ ሠርቶ በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠይቋል።

አንድ አባት ደግሞ፦ ተዋናይ ትምህርት ቤት መጥቶ ልጆቹን መድረክ ላይ «በጦርነቱ ምን አያችሁ?» እያለ አስተረካቸው። የስምንት ዓመት ልጃቸው ከዚያ ወዲህ ሌሊት ይሸናል፣ ይባንናል። «ይተወዋል» ተብለዋል።

ላይተወው ይችላል፤ ካልተወው ሐኪም ያስፈልገዋል። በጭብጨባ መሃል የተነገረ ሰቆቃ ቁስሉን ይከፍታል እንጂ አያክምም፤ ሰውየው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ልጁን ማን አቅፎ አደረ? ሽንቱ ጥጋብ አይደለም፤ አይግረፉት፣ ወንድሞቹም አይሳቁበት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኛ፣ ትምህርቱንና ጨዋታውን አያቋርጥ። ማውራት ከፈለገ ይስሙት፣ ዝም ካለ አይጎትጉቱት። ዱዓውም ጸበሉም ይቀጥል፤ ሐኪሙን አይከለክልም። ነገሩ ከወር ካለፈ፣ መብላት ካቆመ ወይም ስለ መሞት ካወራ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። ስለ መሞት ያወራ ልጅ ከሆነ ነገ አይበሉ። ይህን አንብበው ብቻ እንዳይቀሩ እለምንዎታለሁ።

የመጨረሻው ከኮምቦልቻ ወጣቶች ነው። አንዲት ድምፃዊት በነፃ ልትዘፍንላቸው ፈቅዳለች፤ «ስለ ሰላም ይሁን?» ስለ ሰላም የተዘፈነው ይበቃናል። የሠላሳ ሰከንድ የሬዲዮ ዜማ ሳይፈነዱ ስለ ወዳደቁ ተተኳሾች ትሥራ፤ እረኛ ልጅ እጁን የሚያጣው በዚያ ነው። ግጥሙ ውስጥ አራት ነገር ይግባ፦ አትንካው፣ ድንጋይ አትወርውርበት፣ በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ለትልቅ ሰውና ለፖሊስ ቦታውን ንገር። «ያየኸውን አምጣ» የሚመስል ቃል እንዳይገባ ሁለቴ አንብቡት። ቅጂውንም ከመልቀቃችሁ በፊት ለአሥር ልጆች አሰሙና «ምን አድርጉ አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ እንኳ «አንሥተን ለፖሊስ እንውሰድ» ካለ ግጥሙ ይቀየር።