«የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እኔ ልሂድ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። የአባታችንን የገብስ መሬት ከተካፈልን በኋላ ታላቅ ወንድሜ ድንበር ገፋብኝ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። የነፍስ አባቴ «ሳትታረቁ አትቆርብም» አሉኝ። ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን አውጥቼ አነበብኩት። የሚለው «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» መባህን ትተህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ ነው። እሱ በእኔ ላይ ምንም የለውም፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ቃሉ እኔን ምን አገባው? ደግሞስ ያልገባኝን ነገር ዝም ብሎ መቀበል ትሕትና ነው ወይስ ሞኝነት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብ ብለህ ማንበብህ ደስ ይላል። ግን ቶሎ ዘጋኸው። ጥቂት ገጽ ብትገልጥ ማቴዎስ 18፥15 ላይ ትደርስ ነበር፤ «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ምዕራፍ 5 ላይ የሚሄደው በዳዩ ነው። ምዕራፍ 18 ላይ የሚሄደው ተበዳዩ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ «እሱ ይምጣ» የሚል ሰው በሁለቱም ቦታ የለም። ማርቆስ 11፥25ም ለጸሎት ስትቆሙ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት ይላል። ያ እንግዲህ ቀጥታ አንተን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄህ በዚህ ያልቃል። የሁለተኛው ግን ሰፊ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትም እሱ ላይ ነው።

«መምህር፣ ይሄ ቃል አልገባኝም» እያለ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። የትኛው ቃል ስለው ስለ ሥላሴ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። የአንድነትና የሦስትነቱን ነገር አእምሮ አይደርስበትም፤ ሆኖም ሁላችንም «በስመ አብ» ብለን ስናማትብ አንድ ቀን አልተከራከርንም። የምንከራከረው ሕፃን ልጅ እንኳ በሚገባው ላይ ነው። ይቅር በል። ጠላትህን ውደድ። ቂም አትያዝ። እዚህ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ሊቅ እንሆናለን። «ዘመኑ ሌላ ነበር»፣ «ይሄ ለመነኮሳት ነው»፣ «እኛ ተክለ ሃይማኖት ነን እንዴ?» እንላለን። ጻድቁ አባታችን እኮ የቡልጋ ልጅ ናቸው፤ ከሰማይ ወርደው ሳይሆን እዚሁ ሸዋ ተወልደው ነው። የተራራው ስብከት ሲያልቅ በትምህርቱ የተገረመው «ሕዝቡ» ነው ይላል ማቴዎስ። ባለ ትዳሩም ገበሬውም እዚያ ነበሩ።

ስለዚህ ራስህን እውነቱን ጠይቅ። ቃሉ አልገባህም ወይስ ገብቶህ መረረህ? መምረሩ ኃጢአት አይደለም። የመረረንን «አልገባኝም» ብለን ማለፋችን ግን ራስን መሸንገል ነው።

ያልገባህን መጠየቅማ ማን ከለከለህ? በየጉባኤ ቤቱ መጻሕፍት የሚተረጎሙት «አንድም»፣ ማለትም ሌላም ትርጉም አለው፣ እየተባለ ነው፤ ተማሪው ካልጠየቀ መምህሩ ራሱ ይቆጣል። እመቤታችንም ለመልአኩ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላለች። ግን ጥያቄዋን «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ለማለት ቅድመ ሁኔታ አላደረገችውም።

ዮሐንስ ምዕራፍ 6ን እስኪ ተመልከት። ጌታ ሥጋዬን ብሉ፣ ደሜን ጠጡ ሲል ብዙ ደቀ መዛሙርት «ይህ የሚያስጨንቅ ንግግር ነው፤ ማን ሊሰማው ይችላል?» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። ጌታ ቃሉን አላለሳለሰላቸውም፤ ሮጦም አልመለሳቸውም። አሥራ ሁለቱን «እናንተም ልትሄዱ ትወዳላችሁን?» አላቸው። ጴጥሮስ «አዎ፣ ገብቶናል» አላለም። «ጌታ ሆይ፥ ወደ ማን እንሄዳለን?» ነው ያለው። ቃሉ ለእሱም ከባድ ነበር። ተናጋሪውን ግን ያውቀዋል፤ ያመነውም እርሱን ነው። ይህን ሞኝነት የሚለው ካለ እንግዲህ ጴጥሮስም ሞኝ ነው።

አሁን ጠንከር ልበልህ። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት»፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ምእመናኑ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞረው እርስ በርስ እጅ ይነሣሣሉ። ያን ጊዜ ወንድሙ በስተቀኙ ቆሞ ሳለ ወደ ግራ ብቻ ሰግዶ የሚመለስ ሰው አይቻለሁ። ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ጾሙን አላጎደለም፤ አሥራቱንም ይከፍላል። ግማሽ ክብ መዞር ግን አቃተው። የነፍስ አባትህ ከቍርባን ያቆዩህ ለዚህ ነው፤ ጨክነውብህ አይደለም።

በዚህ ላይ ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ። ይቅር በል ማለት መሬትህን ልቀቅ ማለት አይደለም። ምዕራፍ 18 ራሱ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል። የአገራችን ሽማግሌ ሌላ ምን ሥራ አለው? ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሰዎች ይዘህ ሂድ፤ የይዞታ ደብተርህንም ያዝ። ድንበሩ ይለካ። ቂሙን ግን እስኪለካ ድረስ አትጠብቅበት፤ ቂሙ የአንተ ነው፣ ገመድ አያስፈልገውም። ቅዱስ ጳውሎስማ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከዚህም አልፎ «ብትበደሉ አይሻልምን?» ብሏል። ይህን ቃል ላቀልልህ አልችልም። ሽማግሌውም ሕጉም ካላገዙህ፣ ወንድምነቱና ጥቂት ክንድ መሬት አንዱ መቅረት ካለበት፣ የትኛው እንደሚቀር ያን ጊዜ አንተ ትወስናለህ።

ሄደህ ባይሰማህስ? ለነፍስ አባትህ ንገራቸው። የአንተን ድርሻ ከፈጸምክና ልብህን ካጸዳህ በእሱ እምቢታ አንተ አትጠየቅም። መቁረብህን በሚመለከት የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያሰሩትን እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈታልህ አልችልም፤ ሥልጣኑም የለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ወንድምህ ሂድ፤ ቀጥለህ ወደ እሳቸው።